ዜሮ ድምፅ የላትም

ሚያዝያ 2፣ ሰኞ

ዛሬም «በርካታ» አዳነችኝ።

የማታው ዜና ሊጀመር ሲል አዲሱ አርታኢ እያለከለከ ገብቶ አንድ ወረቀት ፊቴ ወረወረ። የችግኝ ተከላ ዜና ነው። መሃሉ ላይ ቁጥር ተጋድሟል፤ ረጅም፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተያያዘ። ቀዩ መብራት በራ። እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ አፌ «በርካታ ችግኞች» ብሎ አለፈ። ድምፄ ንቅንቅ አላለም። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ፣ «ጆሮ» የምንለው የድሮ ባልደረባዬ፣ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ስወጣ አርታኢው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ በርካታ ምን ማለት ነው? ቁጥሩን እኮ ጽፌልዎታለሁ።»

«አድማጭ ቁጥር ይሰለቸዋል፣ ልጄ። ስትቆይ ይገባሃል» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ።

ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ሄደ። ያከብረኛል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

ለራሴ እንኳ በግልጽ ጽፌው የማላውቀውን ነገር ልጻፍ። ከሺህ በላይ ያለ ቁጥር ለእኔ ጭጋግ ነው። መቶ አውቃለሁ፣ ሺህም አውቃለሁ። ከዚያ በላይ አኃዞቹ ሲሰለፉ የመጀመሪያው ሚሊዮን ይሁን መቶ ሺህ አላውቅም። ግማሽ አገር በድምፄ የሚምል ዜና አንባቢ ነኝ።

ባለቤቴ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ታይፒስት ነበረች። የእኔን ወረቀት ስትመታ ቁጥሩን ሁሉ በፊደል ትጽፈው ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ጡረታ ከወጣች በኋላ በእርሳስ ቀጠለች። ቤታችን ከጣቢያው ማዶ ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። «ድምፄን ላሟሙቅ» ብዬ ወረቀቶቹን ይዤ እሄዳለሁ። መስኮቱ ስር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «በል ጌታው፣ አምጣው» ትላለች። ከየቁጥሩ በላይ በእርሳስ ጽፋ ትመልስልኛለች። በትዳራችን ዘመን ስለዚህ ጉዳይ የተነጋገርነው ይህችኑ ነው፤ «አምጣው» እና «እንካ»።

አሁን ሥራው በዝቶባታል። አዲሱ አርታኢ ያስገባው ኮምፒውተር ቁጥሩን ያለ ሰረዝ ያትማል። ድሮ ታይፕ ሲመታ በየሦስቱ አኃዝ መሃል ሰረዝ ነበረ። ዛሬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ብዙ ቆየች። ጽሕፈቷ ግን ተልቋል፤ ከሩቅ ይነበባል። ለእኔ ዓይን አስባ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 11፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ሸሚዜ ኮሌታው ላይ ተቃጥሏል፣ ካውያውን አስቀምጣበት ረስታ። ውሃ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው አጠገብ አፈሰሰችው። «ሐሳብሽ የት ነው?» አልኳት። የፈሰሰውን በእጇ እየዳበሰች ጠረገች። የበሩ መቃን ላይ በግራ ትከሻዋ መጋጨት ልማድ አድርጋዋለች። እህቷ መጥታ ነበር። ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ፣ «ዓይን ሐኪም ውሰዳት እንጂ!» አለች። ይህ ሳምንት ይለፍ አልኳት።

ሚያዝያ 13፣ ዓርብ

የሕዝብ ቆጠራው ውጤት ግንቦት 30 በቀጥታ ስርጭት ይነገራል። አንባቢው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ሁሉ ፊት ነው ያበሰረኝ። «ይህን የሚመጥን ድምፅ ሌላ የለንም!» ተጨበጨበልኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ያኔ ግን የሚነበበው ሁሉ ታየኝ። የየክፍለ ሀገሩ፣ የወንዱ፣ የሴቱ፣ የልጁ፣ የሽማግሌው ቁጥር። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጥር! እዚያ ላይ በርካታ አትሠራም። «የሕዝባችን ብዛት በርካታ ነው» ልበል?

ጆሮ መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ጋሼ በርካታ፣ እንግዲህ ቀንህ ደረሰ።» ለካ ስሜ ይህ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ቤት ስነግራት ባለቤቴ ደስ አላት። ከዚያ ወዲያው «ወረቀቱን ስንት ቀን አስቀድመው ይሰጡሃል?» አለችኝ።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

ውርደት። የከብት ክትባት ዜና። ወረቀቱ ላይ 2050000 ይላል። ከላዩ በእርሳስ፣ በትልቁ፣ «ሁለት መቶ አምስት ሺህ»። እንደተጻፈው አነበብኩ፣ በሙሉ ድምፅ፣ በሙሉ እምነት። ስልኩ ሲጮህ አመሸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ሚያዝያ 20፣ ዓርብ

አርታኢው ወረቀቱን ይዞ ጠራኝ። ተቆጥቶም አይደለም፤ ግራ ተጋብቶ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለት ሚሊዮን ሃምሳ ሺህ እኮ ነው። አንድ ዜሮ ተዘሏል። ደግሞ ይህን እርሳስ ማነው የጻፈው?»

ምን አልኩ? እዚህ ልጻፈው እንጂ ሌላ የት እጽፈዋለሁ። «ባለቤቴ ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራ ፈታለች፤ ልርዳህ ስትለኝ እንዳይከፋት ብዬ ነው» አልኩት። ልጁ አፈረልኝ። «ይገባኛል፣ እናቴም እንደዚያው ናት» አለኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። እሷን እንደ ሞኝ፣ ራሴን እንደ ደግ ባል አድርጌ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ደግሞ ጮኽኩባት። ያ ሁሉ ሰው የሚወደው ድምፅ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲጮህ ራሴም ገረመኝ። «የአገር መሳለቂያ አደረግሽኝ!» አልኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ዜሮዋ አልታየችኝም» አለች።

ሰበብ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ 22፣ እሑድ

ገበሬዎቹ የእኔን ቁጥር ሰምተው ክትባቱ አይደርሰንም ብለው ተጋፍተዋል። አንድ ሽማግሌ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። ዜናውን ራሴ አነበብኩት። አጭር ነበር፤ ቁጥሩም «አንድ ሰው» ብቻ ነው። ያንን አልተሳሳትኩም።

ባለቤቴ ሬዲዮ ሰምታ ኖሮ፣ ስገባ «የሽማግሌው እጅ ይድናል አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።  ራት በላን፣ ሳህኑን እኔ አጠብኩ። ሳህን አጥቤ በደሌን የማጥብ መስሎኝ ይሆናል።

ሚያዝያ 26፣ ሐሙስ

እህቷ አስገደደችንና ሦስታችንም ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው።

«በዓይናቸው ውስጥ ግፊት አለ፤ ነርቩን ሲጎዳው ቆይቷል። ግራው ሄዷል። ቀኙ እየጠበበ ነው። ቶሎ ቀዶ ጥገና ከሠራንለት የቀረውን እናተርፋለን። የጠፋው ግን አይመለስም። ለሚቀጥለው ሐሙስ ቦታ አለኝ።»

ባለቤቴ ትንሽ አሰበች። «ከተሠራ በኋላ ማንበብ የምችለው መቼ ነው?»

«ለሳምንታት ይደበዝዛል። ታገሡት።»

«ከግንቦት 30 በኋላ ቢሆንስ?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እህቷም ዞረች። ባለቤቴ አልዞረችም፤ የእኔን ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ብቻ ሰጠች። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ፊደሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርደውን ሰሌዳ አየሁ። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ይነበበኛል። ዓይኔ እንዴት ጤነኛ ነው!

ዝም አልኩ። 

«እንደ ፈቃዳቸው» አለች ሐኪሟ፣ ከእኔ ዓይኗን ሳታነሳ። ቀጠሮው ለሰኔ መጀመሪያ ተላለፈ።

ግንቦት 1፣ ማክሰኞ

ሁለት ወረቀት፣ አራት ቁጥር። አጉሊ መነጽር ገዛሁላት። አመሰገነችኝ። ብትረግመኝ ይሻል ነበር።

ግንቦት 6፣ እሑድ

እህቷ አታናግረኝም። ትናንት ማድ ቤት ሆና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ድምፁ ማር ነው አትይኝ፤ ሆዱን ማን አየው?» ስገባ ሳል አለችና ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመረች።

እውነቷን ነው። ስለ ሆዴ ልጻፍ። ሐኪሟ «ግራው ሄዷል» ስትል መጀመሪያ የታሰበኝ ባለቤቴ አይደለችም። መንገድ እንዴት ትሻገራለች፣ መርፌ እንዴት ትሰካለች፣ ፊቴን እንዴት ታያለች አላልኩም። «ቁጥሬን ማን ይጽፍልኛል?» አልኩ። ሌላው ሐሳብ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ ተሯሩጦ፣ ዘግይቶ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ።

ከዚያ በፊትስ? ውሃው ከብርጭቆ ውጭ ሲፈስ አላየሁም? መቃኑ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ሲመታት፣ ጽሕፈቷ በየሳምንቱ ሲተልቅ አላየሁም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ እርሳሱን እንደሚያስጥሏት ውስጤ ያውቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እኔ ደግሞ ስትወሰድ ዳር ቆሜ የወረቀቴን መመለስ እጠብቅ ነበር።

ነገ እነግራታለሁ። ቀጠሮሽን እናስቀድመው እላታለሁ።

ግንቦት 7፣ ሰኞ

አልነገርኳትም። እንግዳ ነበረ።

ግንቦት 9፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም። እንግዳ አልነበረም።

ግንቦት 11፣ ዓርብ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ወረቀቶቹን ሰጥቻት ጉሮሮዬን ልጉመጠመጥ ጓዳ ገባሁ። ጨውና ለብ ያለ ውሃ፤ ልማዴ ነው። ስመለስ መስኮቱ ስር ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ቀረብ አልኩ። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ወረቀቱ ወደ ቀኝ ተንሸራቷል፤ እሷ የጠረጴዛው እንጨት ላይ ነበር የምትጽፈው። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ስድስት ሚሊዮን ዘጠና ሺህ» ብላ እንጨቱ ላይ ጽፋ ጨርሳለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ እርሳስ ያልነካውን ወረቀት ዳብሳ አንስታ፣ «እንካ» አለችኝ።

ተቀበልኳት። ተቀበልኳት! ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እንደዚህ አልቅሼ አላውቅም።

«ምን ሆንክ? ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«እኔ ቁጥር ማንበብ አልችልም» አልኳት።

«እና?»

«እና ማለት?»

«ይህንን እኮ ከመጋባታችን በፊት አውቀዋለሁ። ለሠርጋችን የመረጥናትን ቤት ረጅም ቁጥር ማንበብ አቅቶህ ሦስት ጎረቤት ስታንኳኳ አልነበር? ለዚህ ነው የምታለቅሰው?»

«ለዚህ አይደለም። ነገ ሐኪሟ ዘንድ እንሂድ። ቆጠራው ገደል ይግባ።»

 ከዚያ እጇ ጠረጴዛው ላይ ሄዶ የእርሳሱ ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ዳበሰ፤ እንጨቱ ላይ እንደጻፈች የገባት ያኔ ይመስለኛል። «እሺ» አለች። «ገደል ግን አይገባም። ታነባለህ።»

ማታ ዜና ላይ «ከስድስት ሚሊዮን በላይ» አልኩ። እንጨቱ ላይ ያየሁትን አስታውሼ ነው።

ግንቦት 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተሠራላት። ሐኪሟ ቦታ አጣብባ አስገባችን። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ እህቷ አጠገቤ። አሁንም አታናግረኝም፣ ግን ውሃ ስትገዛ ለእኔም ገዛች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሐኪሟ ለነርሷ ስትነግራት ሰማሁ። «መጀመሪያ በሰጠኋቸው ቀን መጥተው ቢሆን ኖሮ ይህኛው ጠርዝ ይተርፍ ነበር።» ነርሷም «ለምን አልመጡም?» አለቻት። መልሱን አልሰማሁም። መልሱ እኔ ነበርኩ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በእጄ ኮፍያዬን ይዤ።

ግንቦት 17፣ ሐሙስ

ቤት ገብታለች። የተሠራው ዓይን ተሸፍኗል፣ ሌላው አያይም። ጨለማ ውስጥ ናት፤ ትቀልዳለች ግን። «በል ጌታው፣ ወረቀትህን አምጣ። ዛሬ እኔ እሰማለሁ፣ አንተ ትሠራለህ።»

ቁጥር ተናገር አለችኝ። አንዱን እየነጠልኩ ነገርኳት፤ አራት፣ ሰባት፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት።

«ይህን ስታይ ከየት ነው የምትጀምረው?»

«ከግራ ነዋ። እንደማንኛውም ጽሑፍ።»

ሳቀች። ዓይኗን እንዳያማት ፈርቼ ዝም አሰኘኋት። «ለዚህ ነዋ! ጎበዝ አንባቢ ስለሆንክ ነው የጠፋህ። ቁጥር የሚነበበው ከግራ ነው፤ ማን የት እንደሚኖር የሚታወቀው ግን ከቀኝ ነው። መጀመሪያ ከቀኝ ቆጥረህ ሂድ፣ ከዚያ ተመልሰህ አንብብ።»

ግራ እጄን አስዘረጋችኝ፤ መዳፌ ወደ ራሴ፣ ትንሿ ጣት በቀኝ በኩል። ዳብሳ ያዘቻት። «ጣት ሦስት አንጓ አለው። ጫፉ የአንድ ቤት፣ መሃሉ የአሥር ቤት፣ ሥሩ የመቶ ቤት። ትንሿ ጣት ሞላች። ቀጥሎ ያለው ጣት ሺህ ነው። እዚያም ያው ነው፤ አንድ ሺህ፣ አሥር ሺህ፣ መቶ ሺህ። የመሃል ጣት ሚሊዮን። እንግዲህ በአንድ ጣት ላይ ከሦስት አኃዝ በላይ የለም። ሦስት አኃዝ ታነባለህ አይደል?»

«አነባለሁ።»

«የጣቱን ሦስት አኃዝ ታነብና የጣቱን ስም ትጠራለህ። ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ይኸው ነው።»

ይኸው ነው! ለዚህች «ይኸው ነው» ነው ያን ሁሉ ዓመት የተደበቅሁት፣ ለዚህች ነው ዓይኗን የሸጥኩት።

ሞከርኩ። «አርባ ሰባት ሚሊዮን፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ፣ አሥራ ሁለት።»

«መሃል ያለችውን ዜሮ ምን አደረግካት?»

«ድምፅ የላትም እኮ። ምን ብዬ ልጥራት?»

«አትጥራት። ግን ከቤቷ አታስነሳት። ቦታዋን ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እሷን ካስነሳህ ሦስቱ ከመቶ ቤት ወደ አሥር ቤት ይወድቃል። አንተ ደግሞ ዝምታ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ዜና መሃል ዝም የምትለው በከንቱ ነው?»

አይደለም። ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ትርጉም ይለውጣል፤ ለጀማሪዎች የማስተምረው ይህንኑ ነው። ደግሜ አንጓዎቼን ቆጠርኩ። «አርባ ሰባት ሚሊዮን፣ ሦስት መቶ ስድስት ሺህ፣ አሥራ ሁለት።»

«እሰይ» አለች።

ግንቦት 22፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ጣት። የመኪና ታርጋ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የመብራት ቆጣሪ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሰው ጣቱን እየቆጠረ የሚሄድ ሽማግሌ አይቶ መንገድ ይለቅልኛል። ስሳሳት እሷ ታርመኛለች፤ ሳላስበው ዜሮ አስነሳለሁ። አሁን ጭጋጉ ውስጥ ቤቶች ይታዩኛል።

ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ምሳ ላይ ሹካዋ ሳህኑን ስቶ ጠረጴዛውን ሲወጋ አየሁና ደስታዬ አሳፈረኝ።

ግንቦት 24፣ ሐሙስ

አርታኢው ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «የዚያን ዕለት ስለ ባለቤቴ የነገርኩህ ውሸት ነው» አልኩት። «እርሳሱን የምጠይቃት እኔ ነኝ። ቁጥር ማንበብ አልችልም ነበር። እሷ ዓይኗ ጠፍቶ እየጻፈችልኝ ነው የተሳሳተችው።»

ልጁ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። የት እንደሚያይ አጣ። ከዚያ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ሰረዝ እኮ ማስገባት ይቻላል» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ነካ። ጉንዳኖቹ ሁሉ በየሦስቱ ተለያይተው ቆሙ። «ማንም ስላልጠየቀኝ ነው» አለ።

ማንም አልጠየቀውም።

ቆጠራውን ለሌላ ሰው ስጥ ብዬውም ነበር። «አይሆንም» አለ። «እርስዎ ያነባሉ። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

ግንቦት 30፣ ረቡዕ

ተነበበ። 

ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ ከረባቴን በዳበሳ አስተካከለችልኝ። መሸፈኛው ከተነሳ ቆይቷል፤ ሁሉ ነገር ግን በጭስ ውስጥ እንዳለ ነው የሚታየኝ ትላለች። ሬዲዮውን ራሷ ከፈተች።

ሰረዞቹ ነበሩልኝ። ቢሆንም ግራ እጄን ከጠረጴዛው ስር አድርጌ በአውራ ጣቴ አንጓዎቼን እየነካሁ ነው ያነበብኩት። ወንዱ አለፈ፣ ሴቱ አለፈ፣ ክፍለ ሀገሮቹ አለፉ። ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ አፉን ከፍቶ ነበር።

መጨረሻው ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ። የልጆቹ ቁጥር ታርሟል ብለው በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አቀበሉኝ። ሰረዝ የለውም። 20080009። ቀዩ መብራት ይበራል። አርታኢው ገርጥቶ ወደ ወረቀቱ እጁን ዘረጋ። በርካታ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፤ እምላለሁ፣ መጣች።

ዝም አልኩ። አየር ላይ፣ አገር እየሰማ። ከቀኝ ጀመርኩ። ዘጠኝ፤ ዜሮ፤ ዜሮ። ትንሿ ጣት ሞላች። ዜሮ፤ ስምንት፤ ዜሮ። ሁለተኛዋም ሞላች። ዜሮ፤ ሁለት። ከዚያ ተመለስኩ።

«ሃያ ሚሊዮን፣ ሰማንያ ሺህ፣ ዘጠኝ።»

አርታኢው ዓይኑን ጨፈነ። ሥራ አስኪያጁ በኋላ አቅፎኝ፣ «ያቺ ዝምታ! ሰውን ልቡን ሰቀልከው፤ ይህ ነው ጥበብ ማለት» አለኝ። እኔ ግን የሚያቅፈኝን ሰው ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ቤት ስገባ ሬዲዮው አጠገብ ነበረች። «ሁሉንም ሰማሁ» አለች። «አንድም አላስነሳህም።»

ሰኔ 2፣ ዓርብ

ሐኪሟ ዛሬ የባለቤቴን ዓይን ለካች። በጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት እያዞረች «አሁን ይታያል? አሁንስ?» ትላታለች። ባለቤቴም «አዎ፣ አዎ፣ ጠፋ» ትላለች። ጠፋ የምትለው በዛ። የቀረላት ክብ ነው፤ እንደ ጠባብ መስኮት። እሱ ይቆያል አለች ሐኪሟ። ማንበብ ይችላሉ፣ በቀስታ። ከጠርዙ የሄደው ግን ሄዷል።

ቤት ደርሰን መስኮቱ ስር አስቀመጥኳት። ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ራሷን ወዲህና ወዲያ እያዞረች ፊቴን በየተራ አየችው፤ ግንባሬን፣ አንዱን ዓይኔን፣ ሌላውን፣ አፌን። አፌ ላይ ቆየች።

ስንት ቀን የተለማመድኩትን ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። «የዚያን ዕለት፣ ሐኪሟ ዘንድ፣ ቀጠሮው ሲተላለፍ...»

«ሰምቼሃለሁ» አለች።

«ምንም አላልኩም እኮ።»

«እሱን ነው የሰማሁት።»

 ታዲያ ለምን አልተቆጣሽም፣ ለምን እምቢ ብለሽ ቀኑን አልያዝሽም አልኳት። በእኔ ላይ የሚፈረደውን እሷ ላይ ላዞር ነበር፣ እንደ ልማዴ።

«ጠበቅሁ» አለች። «ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እዚያ ወንበር ላይ ጠበቅሁ፣ መኪና ውስጥ ጠበቅሁ፣ ቤት ገብተንም ጠበቅሁ። አጉሊ መነጽሩን ያመጣህልኝ ቀን ዛሬ ነው ብዬ ነበር።»

ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖር እሸሸግበት ነበር።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እጇን ልካ ጋዜጣውን አገኘችና ወደ እኔ ገፋችው። «በል አንብብልኝ» አለች። ስለ ቆጠራው ነው የሚያወራው፤ ገጹ በቁጥር ተሞልቷል። ጋዜጣው የተዘረጋው እንጨቱ ላይ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ማንም አላጠፋውም። ከቀኝ ጀምሬ ቆጠርኩ፣ ከግራ አነበብኩላት። ድምፄ ተሰበረብኝ፤ አላቋረጥኩም። እሷም አላስቆመችኝም።